ኪቶ፣ 16:8፣ የጾም ምግብ፦ ለጤነኛ ሰው የትኛው ማስረጃ አለው?

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ «ውሃ መጣ?» እና «እሁድ የኮሚቴ ስብሰባ አለ» በሚሉ መልእክቶች መሀል የቦርጭ ማጥፊያ ማስታወቂያ አይጠፋም። አንዱ «በ10 ቀን 5 ኪሎ» ይላል። ሌላው እንጀራና ዳቦ እርም በሉ ይላል፣ ሦስተኛው ቁርስ ያስተዋል፣ አራተኛው ሻይ ይሸጣል። ሁሉም «በጥናት ተረጋግጧል» ይላሉ፤ የትኛው ጥናት፣ በማን ላይ፣ ለስንት ጊዜ የሚለውን ግን የሚነግረን የለም።

እዚህ የምጽፈው ስለ ጤነኛ አዋቂ ሰው ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘል ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል፤ የነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ፍላጎትም የተለየ ነው። እነሱ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ለጤነኛ ሰው የዳይቱ ስም ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው ከገበታው ምን ወጣ፣ በምን ተተካ፣ ዓመት ሙሉስ ይዘልቃል ወይ የሚለው ነው። ይህን የምለው ለማስታረቅ ብዬ ሳይሆን ጥሩ ተደርገው የተሠሩት ጥናቶች ወደዚያ ስለሚያመለክቱ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ

ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል። የአዋቂ ሰው ክምችት ከ400 እስከ 500 ግራም አካባቢ ሲሆን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ በአንዴ ሲቆሙ ክምችቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። ሚዛኑ እስከ 2 ኪሎ ቀንሶ ያሳያል፤ ቦርጩ ግን እዚያው ነው። ሰውዬው አንድ ቀን እንጀራ በልቶ 2 ኪሎው ሲመለስበት «እኔን ዳይት አይሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። የተመለሰው ግን ውሃው ነው።

«በ10 ቀን 5 ኪሎ» የሚለውን ደግሞ በሂሳብ እንየው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 5 ኪሎ ስብ በ10 ቀን እንዲጠፋ በየቀኑ 3,850 ካሎሪ መጉደል አለበት። አብዛኛው ሰው እህል ሳይቀምስ ቢውል ቢያድር እንኳ በቀን ይህን ያህል አያቃጥልም። ስለዚህ ማስታወቂያው ስለ ስብ ሊሆን አይችልም።

ሻዮቹን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ውስጥ ሴና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለ። የሚያስወጣው ውሃና ሰገራ ነው፤ ካሎሪው ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል። ከዚህ የከፋም አለ። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ተፈጥሯዊ» በሚባሉ ማቅጠኛ ሻዮችና ካፕሱሎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ሻይ ጠጥቶ ልቡ የሚመታበት፣ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ወዲያው ያቁም።

«ጥናት» ሲባል

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከምን ጋር ተነጻጸረ የሚለው ነው። አንድ ሰው ኪቶ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን እጅግ ቀንሶ ስብ የሚያበዛውን ዳይት፣ ሲጀምር ለስላሳውን፣ ብስኩቱን፣ የማታ ፓስታውን አብሮ ይተዋል። ቀነሰ እንበል። የቀነሰው ስብ ስለበላ ነው ወይስ ለስላሳውን ስላቆመ? ይህን ለመለየት ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም እኩል መከታተል ያስፈልጋል። በዕጣ ካልሆነ ዳይቱን የመረጠው ሰው ከድሮውም የተለየ ሊሆን ይችላል። በእኛ ከተማ ኪቶ የሚይዘው ሰው በአብዛኛው እንቁላልና አቮካዶ በየቀኑ የሚገዛ፣ ጂም የሚገባ ሰው ነው፤ ጤናው የመጣው ከቅቤው ይሁን ከኪሱ ለማወቅ አይቻልም።

በዕጣ ከተደረጉት መሀል ሁሌ የምጠቅሰው በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ክብደታቸው የጨመረ፣ ስኳር ግን የሌለባቸው 609 አዋቂዎች ለ12 ወር ገሚሶቹ ስብ፣ ገሚሶቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደረገ። ሁለቱም ቡድኖች የተጨመረ ስኳርና የነጣ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸዋል። ውጤቱ በአማካይ 5.3 ኪሎ በአንዱ፣ 6.0 ኪሎ በሌላው ነበር። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። በየቡድኑ ውስጥ ግን 30 ኪሎ ገደማ የቀነሰ ሰውም 10 ኪሎ ገደማ የጨመረ ሰውም ነበር። አጥኚዎቹ የዘር ምልክትንና የኢንሱሊን መጠንን አይተው የትኛው ሰው በየትኛው ዳይት እንደሚቀንስ አስቀድሞ መናገር ይቻል እንደሆነ ፈትሸው ነበር፤ አልተቻለም። «ለሰውነትህ ዓይነት የሚስማማውን ዳይት በምርመራ እንነግርሃለን» የሚል ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንቶቹ አቋረጡ የሚለው ነው። በ2005 አትኪንስ፣ ዞን፣ ዌይት ዋቸርስና ኦርኒሽ የተባሉት አራት ዳይቶች በ160 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት ተነጻጽረው ነበር። ጠበቅ ያሉትን ሁለቱን፣ አትኪንስንና ኦርኒሽን፣ ከያዙት ግማሽ ያህሉ ዓመቱን አልጨረሱም። አማካይ ቅናሹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ሲሆን የቅናሹ መጠን ከዳይቱ ዓይነት ይልቅ ሰውየው መመሪያውን ከመጠበቁ ጋር ይሄድ ነበር። የጨረሱትን ብቻ ቆጥሮ «አማካይ ቅናሽ ይህን ያህል» የሚል ማስታወቂያ ግማሹን ሰው ደብቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ መቶኛው ከስንት ላይ ነው? የሜዲትራኒያን አመጋገብ የልብ ሕመምና ስትሮክን በ30 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል ሲባል የሚጠቀሰው ፕሬዲሜድ የተባለው የስፔን ጥናት ነው። 7,447 ሰዎች ነበሩበት። በ2013 ታተመ፤ በአንዳንድ ቦታ የዕጣው አሠራር ስህተት ስለተገኘበት ጽሑፉ ተሰርዞ በ2018 እንደገና ሲታተም ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ቁጥሩ ይህን ይመስላል፦ በ5 ዓመት ገደማ ከንጽጽሩ ቡድን 4.4 ከመቶው በልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም በስትሮክ ተመታ ወይም በዚያ ሞተ፤ የወይራ ዘይት ከተሰጠው ቡድን 3.8 ከመቶ፣ ለውዝና መሰል ፍሬዎች ከተሰጠው 3.4 ከመቶ። ከ100 ሰው አንድ ገደማ ተረፈ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ተሳታፊዎቹ ስኳር ያለባቸው ወይም ሌላ የልብ ሕመም ማጋለጫ የተደራረበባቸው፣ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። የ30 ዓመት ጤነኛ ሰው አደጋው ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ የሚያገኘው ጥቅምም በዚያው ልክ ያንሳል። ደግሞ የእኛ ሰው የወይራ ዘይት ለመግዛት ሌላውን ምግብ መቀነስ የለበትም፤ ወደ ዘይት እመለሳለሁ።

16:8

በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ሰዓት ብቻ መብላት ማለት ነው። በ2020 በአሜሪካ በ116 ሰዎች ላይ በተደረገ የ12 ሳምንት ጥናት አንዱ ቡድን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሌላው ሦስት ጊዜ በሰዓቱ በላ። ቅናሹ 0.9 እና 0.7 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ያው ነው። በሰዓት የተገደቡት ከእጅና ከእግራቸው ጡንቻ የቀነሰባቸው ይበዛ ነበር። በ2022 በቻይና የተደረገው ደግሞ 139 ሰዎችን ካሎሪ እኩል አስቀንሶ ገሚሶቹን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ አደረገ። በዓመቱ 8.0 እና 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ይህም ልዩነት ከአጋጣሚ ሊለይ አልቻለም።

ስለዚህ ሰዓቱ በራሱ ተአምር የለውም። የሚሠራው መክሰሱን ወይም የሌሊት መቆራረሱን ካስቀረ ነው። ከሜክሲኮ ወይም ከመገናኛ ተሰልፎ አውቶቡስ ይዞ ማታ 2 ሰዓት ቤቱ ለሚገባ ሰው «እስከ 2 ሰዓት» የሚለው መስኮት እራቱን ከቤተሰቡ ጋር እንዳይበላ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። ይህን መንገድ የሚፈልግ ከቀኑ 7 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያድርገው፤ ጡንቻው እንዳይሄድ በሁለቱም ገበታ ላይ ፕሮቲን ይኑር። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ገደማ፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው።

ኪቶ

ኪቶ በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ይፈቅዳል። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 730 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከ1 ኪሎ 7 እንጀራ ከወጣ አንዱ እንጀራ ከ100 ግራም በላይ ይይዛል። ግማሽ እንጀራ የቀኑን ኮታ ይጨርሳል። በጾም ቀን ደግሞ ሽሮውንም ምስሩንም ኪቶ ስለማይፈቅድ የሚበላ ነገር አይኖርም። ይህ ብቻውን ለእኛ አገር ሰው ዓመት እንዳይዘልቅ በቂ ምክንያት ነው።

ማስረጃውስ? በ2021 በታተመ ጥናት 20 ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጠው ሁለት ሳምንት ኪቶ፣ ሁለት ሳምንት ስቡ ያነሰ የአትክልትና የጥራጥሬ ምግብ እስኪጠግቡ በሉ። በጥራጥሬው ሳምንታት ሳይራቡ በቀን ወደ 690 ካሎሪ ያነሰ በሉ። በኪቶው ሚዛኑ ቶሎ ወረደ፤ የሰውነት ስብ በግልጽ የቀነሰው ግን በጥራጥሬው ነው። በዚያው ዓመት ስዊድን ውስጥ 17 ወጣት፣ ጤነኛ፣ ክብደታቸው ትክክለኛ የሆነ ሴቶች ለ4 ሳምንት ኪቶ ሲበሉ ጎጂው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ በሁሉም ላይ ጨመረ። ለጤነኛ ቀጭን ሰው ኪቶ ምን ይጨምርለታል ብሎ ለሚጠይቅ የእኔ መልስ፦ ኮሌስትሮል። ልሞክረው ያለ ኤልዲኤሉን ከመጀመሩ በፊትና ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ በአንድ ላቦራቶሪ ያስለካ፤ በዴሲ ሊትር ከ190 ሚሊ ግራም ካለፈ አቁሞ ሐኪም ያነጋግር።

የጾም ምግብ

ጾም የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ በኪሎ አልመዝነውም። የጾም ገበታውን ግን እንደ ምግብ ማየት ይቻላል። በ2023 ስታንፎርድ 22 ጥንድ ጤነኛ መንትዮችን ወስዶ አንዱ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ እንዲተው፣ ሌላው ሥጋም አትክልትም ያለበት ጥሩ ምግብ እንዲበላ ለ8 ሳምንት አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ኤልዲኤል ከወንድም እህቶቻቸው ይልቅ በዴሲ ሊትር በ14 ሚሊ ግራም ገደማ ቀነሰ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ የጤፍ እንጀራ ማለት ነው፤ በውድ የሚሸጥልን ነገር ቤታችን አለ። የሚያበላሸው ከ9 ሰዓት በኋላ ቦታውን የሚይዘው ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ነጭ ዳቦና በዘይት የተንሳፈፈ ፓስታ ነው። ዓመት ሙሉ የእንስሳት ምግብ የማይነካ ሰው ቫይታሚን ቢ12 በእንክብል መውሰድ አለበት፤ በፍስኩ ወቅት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ሰው ግን ጉበቱ ያስቀመጠው ክምችት ለወራት አልፎ ለዓመታት ይበቃዋል።

ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የሌለበትን ምግብ በአጭሩ፦ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴና ገብስ አላቸው። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ለሌለበት ሰው ግሉተን መተው የተረጋገጠ ጥቅም የለውም። በደም ዓይነት መብላትም እንዲሁ ነው። በ2014 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች 1,455 ሰዎች ላይ አይተውት ምግቡ የጠቀማቸው ሰዎች የደም ዓይነታቸው ምንም ቢሆን ጠቅሟቸዋል።

ጀሪካኑ

እኔ በአንድ ነገር ብቻ ጀምሩ ብባል ዘይቱን ነው የምለው። የ5 ሊትር ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በማርከር ጻፉበት፤ ሲያልቅም ጻፉ። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 41,000 ያህል ካሎሪ አለው። አራት ሰው በ30 ቀን ከጨረሰው ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ይደርሰዋል፤ ቤቱ ውስጥ ሕፃናት ካሉ የአዋቂው ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። ጀሪካኑ 45 ቀን ቢቆይ 230 ይሆናል። ማንም እንጀራ ሳይቀንስ በቀን 110 ካሎሪ ቀረ። የሰውነትን የኃይል አጠቃቀም ያጠኑ ሳይንቲስቶች በ2011 ባወጡት ስሌት መሠረት ክብደቱ ለጨመረ አዋቂ በየቀኑ የሚቀር 24 ካሎሪ ውሎ አድሮ 1 ኪሎ ገደማ ያስቀንሳል፤ ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት ይታያል። በዚያ ሂሳብ 110 ካሎሪ ውሎ አድሮ ወደ 4.5 ኪሎ ያስቀንሳል። ብዙዎቹ ታዋቂ ዳይቶች ዓመት ተለፍቶባቸው ከሚያመጡት ብዙም አያንስም።

ወጡ እንዳይበላሽ አሠራሩ ይህ ነው። ሽንኩርቱን በደቃቁ ክተፉ፤ በከባድ ድስት፣ በመለስተኛ እሳት፣ ከድናችሁ ያለ ዘይት አቁላሉት። ሊይዝ ሲል ሙቅ ውሃ በሾርባ ማንኪያ ጠብ አድርጉ። ነገር የሚበላሸው በርበሬው ሲገባ ነው፤ ደረቅ ድስት ካገኘው ወዲያው ያርና ወጡ ይመራል። በርበሬውን ቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት፣ ቁሌቱ እርጥብ ሳለ ጨምሩት፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይግባ፤ ጨርሶ አይቅር፣ የበርበሬው ቀለምና ጣዕም የሚወጣው በስብ ነውና። ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ 360 ካሎሪ፣ ይበቃል። ሲኒ ሙሉ ከሆነ 580 ገደማ ይደርሳል። ከጀሪካኑ በቀጥታ ማንቆርቆር ሲጀመር ልኬቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ዘይቱን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጣችሁ በማንኪያ ቅዱ።

ዓይነቱም ለውጥ አለው። ጠዋት በብርዱ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚጨምረው ሳቹሬትድ ስብ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት አብዛኛው ክፍላቸው ኤልዲኤልን የሚቀንስ ዓይነት ነው። ካሎሪያቸው ግን እኩል ነው፤ «ኑግ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ ማብዛት ሂሳቡን ያፈርሰዋል።

ከዘይት ቀጥሎ ፋብሪካ የነካካው ምግብ ይመጣል። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት እንደ ቤት የተዘጋጀ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተደረገ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር ተቀራራቢ ነበር። በፋብሪካው ሳምንታት በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ 0.9 ኪሎ ጨመሩ፣ በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ የሚገዛውን ብስኩትና ለስላሳ በሙዝ፣ በገብስ ቆሎ ወይም በበቆሎ እሸት መተካት ከማንኛውም ስም ካለው ዳይት የሚቀድመው ለዚህ ነው።

መለካት

መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ከምሳ በኋላ በጫማ ተመዝኖ ከባለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ኮብልስቶን ላይ የተቀመጠ ሚዛን በራሱ ይዋሻል፤ ጠንካራና ልሙጥ ወለል ይፈልጋል። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ ተመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ ጋር አስተያዩ። ትናንት ጨው የበዛበት ወጥ ወይም ቋንጣ የበላ ሰው ዛሬ 1 ኪሎ ቢጨምር ውሃ ነው። ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት የሚጨምሩትም እንዲሁ ነው፤ እነሱ ከወር ወር ያስተያዩ።

ሚዛን የሌለው ሰው የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዋል። የመጨረሻው የጎን አጥንትና የዳሌ አጥንት አናት መሀል ላይ፣ ትንፋሽ እንደ ወትሮው ከወጣ በኋላ፣ ሜትሩ ሳይጠብቅና ሳይዘም ይለካ። ወገብ ከቁመት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 85 ማለት ነው።

ወገቡ ከዚያ በታች የሆነ፣ ግፊቱም ትክክል የሆነ ሰው ለመቅጠን ዳይት አያስፈልገውም። ቀጭን ሰው ምግብ ቢቀንስ ይጠቀማል ወይ የሚለውን ካለሪ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ለ2 ዓመት ፈትሾታል፤ በ218 ጤነኛ፣ ወፍራም ባልሆኑ ሰዎች ላይ። የሚበሉትን ካሎሪ በ25 ከመቶ እንዲቀንሱ ታቅዶ፣ ባለሙያ እየተከታተላቸውም ቢሆን 12 ከመቶ ያህል ነው የቻሉት። የደም ግፊታቸውና ኤልዲኤላቸው ተሻሻለ፤ የዳሌና የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ግን ቀነሰ። ይህን መንገድ የሚመርጥ ጤነኛ ሰው ቅነሳውን ከ10 ከመቶ ገደማ አያሳልፍ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ያንሳ ወይም ፑሽአፕና ቁጭ ብድግ ይሥራ።